ትኩሳቱን በጠጠር የቆጠርንበት ሰሞን

ያሳሰሩኝ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ናቸው። ሌላም ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ግን ይህንኑ ነው።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ነፋስ ስልክ ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆሙና፣ "መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን" አሉኝ። አምስቷ ደቂቃ ሰባት ወር ሆነች። ቦርሳዬ ውስጥ የተገኙት የምሳ ዕቃዬና አንድ ደብተር ናቸው። ደብተሩ ላይ ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት ትምህርት ነበር፤ በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ ቀመር የሚያሳይ። ገና ያልታመመውን ሰው "ኤስ"፣ የታመመውን "አይ"፣ ያገገመውን "አር" ብዬ ጽፌያለሁ።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ እንኳን አዞልኛል። ብቻ ደብተሩ እንቅልፍ ነስቶታል።

"ኤስ ማነው?" አለኝ።

"ያልታመመ ሰው ነው።"

"ስሙን ነው የጠየቅኩህ።"

"ስም የለውም። ብዙ ሰው ነው።"

"ብዙ ናቸው" ብሎ ጻፈ። "እሺ፣ እዚህ ጋ ኤስ ከአይ ጋር ሲገናኝ እሱም አይ ይሆናል ትላለህ። የት ነው የሚገናኙት?"

"የትም ይገናኛሉ። ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ..."

"ታክሲ ውስጥ" ብሎ ጻፈ።

ሳቄን ዋጥኩት። ከዚያ መምህርነቴ አላስቀምጥ አለኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ይኸው ቀመር፣ አልኩት፣ ለበሽታ ብቻ አይደለም። የስንዴ ዋግ ከማሳ ወደ ማሳ እንዴት እንደሚሄድ፣ የጫማ ፋሽን ከተማውን በስንት ጊዜ እንደሚያዳርስ፣ ወሬ ከሰፈር ሰፈር እንዴት እንደሚነዛ፣ ሁሉንም በዚሁ ማስላት ይቻላል። ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። "ወሬም ትነዛላችሁ ማለት ነው" አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሱ ደብተሩን ይዞ ቀረ፣ እኔ ወደ ክፍል ገባሁ።

ክፍሉ ድሮ የዘይት መጋዘን ነበር። ወለሉ ገና ይሸታል፤ ላብና የትናንት ወጥ ሲጨመርበት የራሱ ዓይነት ሽታ ያወጣል። እኔን ጨምሮ አርባ አራት ሰዎች ነበርን። ካቦው፣ ማለት እስረኛው ራሱ የመረጠው የክፍሉ አለቃ፣ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሰውን እንደ ተሳፋሪ መደርደር ያውቅበታል። "መምህር፣ አንተ ከዚህ ግባ" ብሎ ሁለት ሰዎች መሀል ሸጎጠኝ። በቀኜ የመካኒሳ አቦ ልብስ ሰፊ፣ በግራዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የላፍቶ ገበሬ። ሽማግሌውን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ፣ "እነሱ ካወቁት ለኔም ይንገሩኝ" ይላሉ። ጋቢያቸው ሰፊ ስለነበረ ሦስታችን በእሱ እንተኛ ነበር። እኔ መሀል ስለሆንኩ ሞቆኝ ነው የምነቃው።

በሁለተኛው ወር ትኩሳት ገባ። አምስት ቀን አንቀጥቅጦ ይለቃል፤ ሰውየው ተነስቶ ዳቦ መግመጥ ሲጀምር ተመልሶ ይይዘዋል። አንዱን ጓደኛችንን በቃሬዛ አውጥተውት በዚያው ቀረ። አንዳንድ ቀን ብቅ የሚለው ጤና ረዳት፣ "ከሰው ሰው የሚያደርሰው ቅማል ነው" ብሎን ሄደ። ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ አገርሽቶበት አጥንቱ ቀርቷል። ሦስተኛው ከመጣ ልቡ እንደማይችለው ጤና ረዳቱ ለካቦውና ለእኔ በጆሯችን ነግሮናል። ልብስ ሰፊው ግን መች ጠፋው። "ሦስተኛ ከመጣማ የኪራይ ውል አስፈርሙት" ብሎ አሳቀን። አባባ አልሳቁም፤ ጋቢያቸውን ወደ እሱ ሳቡለት።

ካቦው የግቢውን ኃላፊ ለመነና አንድ ቅዳሜ ተፈቀደልን። በርሜል፣ ማገዶ፣ በረኪና። ክፍሉ ይታጠባል፤ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የቀረ ሳይቀር በርሜል ውስጥ ይቀቀላል፤ ሰው ሁሉ ጸጉሩን ተላጭቶ ግቢው ውስጥ ገላውን ይታጠባል። "አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የለም" አለ ኃላፊው። አርባ ሁለታችን እሺ አልን። አባባ እምቢ አሉ።

"ልብሴን ውሰዱና ቀቅሉ ብል ምን ለብሼ? እርቃኔን በልጆቼ ፊት አልቆምም።"

"በብርድ ልብስ ዙሪያዎን እንጋርዳለን" አላቸው ካቦው። ግን ማማው ላይ የቆመው ጠባቂ ያንን አስቀድሞ ከልክሏል፤ ግቢው ውስጥ እይታ የሚጋርድ ነገር መዘርጋት ክልክል ነው።

አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የመጣሁ ቀን ለፍተሻ ብለው ገፈውኛል" አሉ። "አንዴ ሆኗል። ሁለተኛ አይደገምም።" ከዚያ በኋላ የሚከራከራቸው ጠፋ።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ላደርግ ወሰንኩ። ቀመሩን ግድግዳ ላይ ብጽፈው ማንም አያነብልኝም፤ ስለዚህ ጨዋታ አደረግኩት። ከቤት ከመጣልን ቆሎ ሽምብራ ለቅሜ፣ "ይቺ ትኩሳት ናት" አልኳቸው። "ካቦው አንዴ ሲያጨበጭብ አንድ ቀን አለፈ። ሽምብራ የያዘ ሰው አብሮት ለሚተኛው አንድ ያቀብላል። እስቲ በስንት ቀን ሁላችንንም እንደሚያዳርስ እንይ።" ካቦው አጨበጨበ፣ ሰዉ ተቀባበለ፣ ጫጫታው ደራ። በሰባተኛው ጭብጨባ፣ "ትኩሳት የያዘ እጁን ያውጣ" ስል ሦስት እጅ ብቻ ወጣ። ግራ ገባኝ። እንዲህ ያለ ውጤት በምንም ስሌት አይመጣም። ለካ በሽታዬን በልተውታል! እኛ ዘንድ ሰው በእጁ ያጎረሰህን ይዘህ አትቀመጥም። "መምህር፣ ጨው አንሶታል እንጂ ትኩሳቱስ ግሩም ነው" አለኝ አንዱ እያላመጠ። እስክናለቅስ ሳቅን። እስር ቤት ውስጥ እንደዚያ እስቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ በጠጠር ጀመርን። ጠጠር አይበላም። በስምንተኛው ጭብጨባ ጠጠር ያልያዘ እጅ አልነበረም። ከዚያ ግማሾቻችን "ታጥበናል፣ አንቀበልም" እያልን ደገምነው፤ ትንሽ ዘግይቶ እንጂ ዳር ዳሩን ዞሮ ያልታጠበውን ሁሉ አገኘው። ሁላችንም ስንታጠብ ደግሞ ጠጠሩ የመጀመሪያው ሰው እጅ ላይ ሞተ። ሰዎቹ ከራሴ በላይ በነገሩ ተያዙ። አንዱ ነጋዴ የድንች ዋጋ መቼ እንደሚወርድ በጠጠር አስላልኝ አለ። ሌላው የጧት የሽንት ቤት ሰልፍ ለምን እንደማያልቅ ጠየቀኝ፤ እሱንማ አስልቼ ሁለት ሰልፍ የነበረውን አንድ አደረግነውና መጣላት ቀረ። አንዱ መቼ እንደምንፈታ አስላ ሲለኝ፣ "ለእሱ የሚሆን ጠጠር የለኝም" አልኩት። እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! አሥር ዓመት ሳስተምር እንደዚያ የሚጓጓ ተማሪ አላገኘሁም።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻውን ጨዋታ አመጣሁ። "ዛሬ ሁላችንም ታጥበናል፤ ከአባባ በስተቀር። ግን ካልታጠበ ሰው ጋር የተኛ ሰው መልሶ ይያዛል።" ነገሩ ድፍረት እንደሆነ አውቄያለሁ። ጠጠሯን አባባ መዳፍ ላይ አኖርኩ። ካቦው አጨበጨበ። ተራው የአባባ ነው፤ ጋቢያቸውን ከሚጋራው ሰው ለአንዱ ማቀበል አለባቸው። ልብስ ሰፊው በተኛበት እጁን ዘረጋላቸው።

አባባ እጃቸውን ወደ እሱ ወሰዱ። መዳፉ ላይ ሊያኖሯት ሲሉ ቆሙ፤ ጣቶቻቸው ተጨበጡ።

"ስጡት እንጂ አባባ" አለ ካቦው ቀስ ብሎ።

"አልሰጥም።"

"ጨዋታ እኮ ነው።"

"ጨዋታም ቢሆን አልሰጠውም።"

ጠጠሯን እንደጨበጡ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ለእኔ፣ "ኢልመ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ዋግ ሲገባ እኔ ማሳዬን አጥርቼ ጎረቤቴ ካላጠራ፣ ጎረቤቴን እረግም ነበር። የኔ ጋቢ ነው እንግዲህ ትኩሳቱን ይሄ ልጅ ላይ የሚያመላልሰው?"

 አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

"አወልቃለሁ" አሉ። "መጨረሻ ላይ አድርጉኝ።"

ቅዳሜ ፀሐይዋ ወጥታ ጠበቀችን። ካቦው በረድፍ አሰለፈን፤ የመጀመሪያው ረድፍ ልብስ ሲቀቀል ሁለተኛው ይላጫል፣ ሦስተኛው ይታጠባል። ራሱ የተላጨ አርባ ምናምን ሰው ግቢው ውስጥ መለመላውን ውኃ እየተራጨ ሲሯሯጥ አስቡት። አንዱ ዘፈነ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ልብስ ሰፊውን ተሸክመን አጠብነው፤ "ቀስ በሉ፣ ልኬን እየወሰዳችሁ ነው ወይስ ገላዬን እያጠባችሁ?" ይላል። ቀትር ላይ የመጀመሪያዎቹ ብርድ ልብሶች ደረቁና ተከናነብን። አባባ ብቻ ልብሳቸውን እንደለበሱ በርሜሉ ጎን ቆመዋል።

ካቦው የደረቀ ብርድ ልብስ ድንጋዩ ላይ አኖረላቸው። ሳሙናና ውኃም አኖረ። ከዚያ ዞሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። እኔም ዞርኩ። ቀስ በቀስ ሁላችንም ዞርን። ልብስ ሰፊው መቆም ስለማይችል ሁለት ሰዎች ደግፈው አዞሩት። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የበርሜሉ ውኃ መንተክተክ ብቻ ሆነ።

ጠባቂው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እኛ ብንዞር እሱ ማማው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያቸዋል። ዓይኔን ሰረቅ አድርጌ ወደ ላይ አየሁ። ክላሹን አንግቶ ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ከአጥሩ ውጪ ያለውን ባዶ መንገድ ይመለከታል። ኃላፊው ቢደርስበት እሱ ራሱ እኛ ክፍል ይገባ ነበር። ያንን ያህል እስረኛ ከኋላው ትቶ አንዴም አልዞረም።

አሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያው ቆመን ከኋላችን ውኃ ሲፈስ ሰማን፤ ጉሮሮ ሲጠረግም ሰማን። "በቃ፣ ልጆቼ" አሉ አባባ። ስንዞር ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢውን በገዛ እጃቸው በርሜሉ ውስጥ ከተቱት። ሦስተኛው ትኩሳት ልብስ ሰፊውን ሳይዘው ቀረ፤ ሌላም አዲስ ሰው አልታመመም።

አባባ ከእኔ ቀድመው ተፈቱ፤ ቤታቸው ሄጄ ሳልጠይቃቸው ማለፋቸውን ሰማሁ። ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል። ልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ አይቷል። እኔ አሁንም ያንኑ ቀመር አስተምራለሁ። በየዓመቱ ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን ያወጣል፤ ብልሁ ነው ሁልጊዜ። "መምህር፣ እዚህ ጋ ሁሉም ሰው ይተባበራል ብለን ነው የተነሳነው። እንዲህ ያለ ነገር በእውነተኛው ዓለም አለ?"

ክፍሉ ይስቃል። እኔም ስቀው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።

"አንድ ጊዜ አይቻለሁ" እላቸዋለሁ፤ "ለአሥር ደቂቃ ያህል።"