አፈር ያልነካው እብቅ

ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን ሁለት ባዶ ጆንያና አንድ ደብተር ይዤ በጊንጪ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሄድኩት ቤተ ሙከራዬን ለማዳን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሊከንን ከካርበን ጋር ሳጋባ ኖሬአለሁ። ሲሊከን አሸዋ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ከካርበን ጋር ሲጣመር ውሃ የማይደፍረው፣ ሙቀት ቶሎ የማይበግረው ዘይትና ጎማ ይወጣዋል። የማጣመሪያው የማግኒዥየም ውህድ ግን ቅምጥል ነው፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ከነካችው የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል።

ባለፈው ስብሰባ የመሥሪያ ቤታችን ጓድ ሊቀመንበር "ይህ የውጭ ምንዛሪ የሚበላ ቅንጦት ነው፤ በወሩ መጨረሻ ጥሬ ዕቃውን ከአገር ውስጥ ካላሳየሽ ክፍሉ መጋዘን ይሆናል" አሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ያኔ የሳቁብኝ ከአግዳሚው አላስነሱኝም። እኚህም አያስነሱኝም አልኩ።

የጤፍ እብቅ ሲቃጠል አመዱ ሲሊካ፣ ማለትም ሲሊከን የሚወጣበት ነጭ ዱቄት፣ የበዛበት ነው። አምቦ የኬሚስትሪ መምህር የሆነው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደረጄ፣ ጊንጪ አጠገብ ለሚያርሱት አጎቱ ለኦቦ ፈይሳ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር።

ጊንጪ

ከሆለታ ወዲያ ሜዳው ሁሉ ክምር ነው። ጊንጪ ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል ጥቁሩን መሬት በእግሬ ተጓዝኩ። ኦቦ ፈይሳ አውድማው ላይ ነበሩ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" አልኩ ባለችኝ ኦሮምኛ።

"ፈያ፣ ፈያ! እብቅ ፈላጊዋ አንቺ ነሽ? የአዲስ አበባ በሬ እብቅ መብላት ጀመረ እንዴ?"

"ለእኔ ነው፣ ኦቦ።"

"ጭዱን ብትዪ ኖሮ ለከብቶቼ ነው ብዬ እከለክልሽ ነበር። እብቁንማ ነፋስም በነፃ ይወስደዋል፤ ውሰጂ።"

እነሱው ቤት አድሬ በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ጆንያዎች በአመድ ሞልተው በር ላይ ቆመዋል። ሸክም እንዲቀልልኝ ብለው እብቁን እዚያው አውድማው ላይ አቃጥለው፣ በቅጠል ጠርገው ሞልተውልኛል። ቆንጥሬ በጣቶቼ አሸሁት። ሻከረኝ። አፈር ነው።

አፈሩ ራሱ ሲሊካ አለበት። ብወስደው ምርቴ እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ከስብሰባው ሰው አንድም አያውቅብኝም። የጆንያውን አፍ ያዝኩ። ከዚያ ሁለቱንም ደፋሁ።

"ልፋታችንን ደፋሽው!" አሉ ኦቦ ፈይሳ።

"ይህ ጤፍ አይደለም፣ የአውድማዎ አፈር ነው። ይዤው ሄጄ ጤፍ ነው ብል ዋሸሁ።"

"ታዲያ አፈሩስ የኛው አይደለም?"

"የእርስዎ ነው። እኔ አመጣለሁ ያልኩት ግን የጤፉን ነው።"

ባለቤታቸው አዴ ወርቂቱ ሳቁ። "ተዋት፣ እሷም እንደኔው ናት፤ ጠጠር አትወድም።" ገብተው የእንቁላል ቅርጫታቸውን አመጡ። እንቁላሎቹ የተቀበሩት በጤፍ እብቅ ውስጥ ነው። "ለዘር የለየሁትን ነዶ ከሌላው እንዳይቀላቀል ቁርበት ላይ ነው የምወቃው። ይሄ የሱ እብቅ ነው፤ መሬት አልነካውም፤ ውሰጂው።"

"እንቁላሉስ በምን ገበያ ይደርሳል?" አልኩ።

"ነጠላሽን አምጪ።"

እስከ ጊንጪ ገበያ ሠላሳ ሁለት እንቁላል በነጠላዬ አቅፌ ተከተልኳቸው። ቦይ ስሻገር አንዱን ሰበርኩ። "እሰይ፣ አንቺም ትሳሳቻለሽ!" አሉኝ።

አምቦ

ደረጄ የትምህርት ቤቱን ምድጃ ለቀቀልኝ። እብቁን በአሲድ አጠብኩ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኩ፣ በሸክላ ሳህን አቃጠልኩ። ጠቆረ፣ ግራጫ ሆነ፣ በመጨረሻ ነጣ።

"ይህቺ እኮ የሻይ ስኒ አትሞላም!" አለ ደረጄ።

"ነጭ ናት" አልኩት።

አዲስ አበባ

ጓድ ሊቀመንበር ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱ። "ሁለት ጆንያ ይዘሽ ሄደሽ ይህን ይዘሽ መጣሽ?"

ስለ ደፋሁት አመድ ነገርኳቸው።

"ብታመጪው ማን ያውቅ ነበር?"

"እኔ።"

ፈገግ ብለው ክፍሉ እንዲዘጋ ይመዝገብ አሉ። እኔም ያለፈው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብ ጠየቅኩ። ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፦ ጥሬ ዕቃውን ከአገር ውስጥ ካላሳየች። ስንት ኪሎ የሚል የለበትም።

"አሳይቻለሁ፣ ጓድ። ይዘጋ ካላችሁ እኔ አልፈርምም፤ አልስማማም ብዬ ከሥሩ እጽፋለሁ።"

 ሊቀመንበሩ ጠርሙሷን አስቀምጠው፣ ይዘጋ የሚለው ሳይመዘገብ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ እጅ ላይ ያለው ጥቂትም ቢሆን ንጹሕ ከሆነ ሰው በማንም ፊት ድምፁ እንደማይንቀጠቀጥ ነው። ጠርሙሷ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ፦ "የጤፍ እብቅ ሲሊካ፣ ከአዴ ወርቂቱ የእንቁላል ቅርጫት፣ አፈር ያልነካው።" ከዚያ የቤተ ሙከራዬን በር ዘግቼ፣ ሲሊካውን ወደ ሲሊከን የሚለውጥልኝን ማግኒዥየም መመዘን ጀመርኩ።