አጵሎስ የጠረጠረው ሻይ

አጵሎስ ድሮም ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ዱራሜ ሳለ እናቱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችው፤ እሱም ምክሯን ከሚገባው በላይ ሰማት። ሰበታ መጥቶ የፌሮ ሠራተኛ ከሆነ በኋላም ምሳውን ከሰው ተለይቶ ይበላል፣ ጉጠቱን ለማንም አያውስም፣ ደሞዝ ሲቀበል ሦስቴ ዞሮ ያያል። ቢሆንም በሥራው ሐሜት አያውቅም። እሱ ያሰረውን የኮለን፣ የምሰሶ ብረት፣ መሐንዲሱ ሳይነካካ ያልፈዋል። ሚስቱ ደስታነሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። የሚኖሩት ኦቦ ቢቂላ የሚባሉ አዛውንት ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበር።

ሕመሙ የመጣው በቤቶኔራው በኩል ነው። አሸዋና ሲሚንቶ የሚያቦካው ያ ማሽን ሲዞር ድሮ የሚያሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን በጩኸቱ መሃል ስሙን ጠራው። አጵሎስ ጓደኞቹ ያሾፉበት መስሎት ዞር አለ፤ ሁሉም በየሥራቸው ላይ አጎንብሰዋል። «አውቀው ነው ያጎነበሱት» አለ በልቡ። ሰነባብቶ ድምፁ ማሽኑ ጠፍቶም ይከተለው ጀመር። «ሊያስወግዱህ ተማክረዋል» ይለዋል። እሱም የማንን ቃል እንደሚያምን ግራ አልገባውም፤ ድምፁ የሚነግረው ድሮም በልቡ የነበረውን ነዋ። አንድ ማለዳ የጅማን መንገድ ይዞ፣ ጫማውንም ጥሎ፣ ተፍኪ ድረስ በእግሩ ሄደ። እዚያ የሚያውቁት ሰዎች አግኝተው በሚኒባስ መለሱት። ደስታነሽ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ኪኒን ታዘዘለት።

ጥቂት ጊዜ ዋጠው። ድምፁ ራቀ፤ ነገር ግን ምላሱ ከበደ፣ እጁ ተሳሰረ፣ ሽቦ ሲጠመዝዝ ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉት።

«ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ማደንዘዣ ነው» አላት ደስታነሽን። «ላበደውም፣ ለተከዘውም፣ እንቅልፍ ላጣውም የሚሰጡት ያችኑ አንዷን ነው። ሰው ዝም እንዲልላቸው።»

እሽጉን እያየችው መጸዳጃ ቤት ከተተው። ብታለቅስም አልራራላትም። «ሁለተኛ አፌ አይገባም» ብሎ ማለ።

ትንሽ ቆይቶ የሻዩ ጣዕም ተቀየረ።

በመጀመሪያ የውሃው ነው ብሎ ተወው። ምሬቱ ከስኳሩ ሥር ተደብቆ ይቆይና ጉሮሮው መግቢያ ላይ ሲደርስ ብቅ ይላል። 

«ደስታነሽ፣ ይሄ ሻይ ምን ገብቶበታል?»

«ቅርንፉድ ነዋ።»

«ቅርንፉድማ አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ቆይቶ ይሆናል» አለች። ይህን ስትል ፊቱን አላየችም። አጵሎስ ያየው ይህንኑ ነው፤ አለማየቷን።

በማግስቱ ዳቦ ልታመጣ ወጣ ስትል ብርጭቆዎቹን አለዋወጣቸው። ተመልሳ ተቀመጠችና የራሷን አነሳች። ወደ አፏ ስታስጠጋ የእሱ ዓይን ብርጭቆው ላይ እንደተተከለ አየች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ወይኔ፣ ዝንብ ገብቶበታል» ብላ ደጅ ደፋችው።

ዝንብ አልነበረም። አጵሎስ ሻዩ ሲደፋ ከላይ ቆሞ አይቷል።

ከዚህ ሁሉ የከፋበት ደግሞ ሌላ ነው። ድምፁ እየደከመ መጣ። ሥራ ቦታ ቤቶኔራው ይዞራል፣ ይጮኻል፤ ስሙን ግን አይጠራም። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። አጵሎስ ግን «ማን ነው ዝም ያሰኘው?» አለ። ሳይታከም የዳነ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አንድ ነገር ወደ ውስጡ እየገባ እንደሆነ አሁን እርግጠኛ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ከሥራ ሲመለስ ሚስቱና ኦቦ ቢቂላ ከግቢው በር አጠገብ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ሲያወሩ ደረሰባቸው። ደስታነሽ ኦሮምኛውን ፋብሪካ ውስጥ ነው የለመደችው፤ እሱ ከሰላምታና ከሥራ ቃላት ብዙም አያልፍም። አንዲት ቃል ግን ጆሮው ገባች፤ «ቆሪቻ»። መድኃኒት ማለት መሆኑን ያውቃል። የአይጥ መድኃኒትም መድኃኒት ነው።

ሽማግሌው ሲያዩት ፈገግ አሉ። «አካም ኦልቴ፣ አጵሎስ! ሥራ እንዴት ዋለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንዴት ዋሉ?» አላቸው። የጨዋታቸውን መቋረጥ ግን አልወደደውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤቱ መብላት ተወ። ከሱቅ ደረቅ ዳቦና ሙዝ እየገዛ፣ ውሃ ራሱ ከከፈተው ፕላስቲክ እየጠጣ ከረመ። ደስታነሽ ትለምነዋለች፤ «ቁርጠት ይዞኛል» ይላታል። ጥቂት ቀናት አለፉ፤ ድምፁ ተመለሰ። «አልነገርንህም?» አለው። አጵሎስ ድምፁን ፈራው፤ ደግሞም ከሰው ሁሉ የሚያምነው እሱን ነበር። ደስታነሽ በር ላይ ብቻውን ቆሞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው። የተፍኪ መንገድ ታወሳት።

እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቋቸው መጡ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ። አጵሎስ በእንግዳ ፊት የሚስቱን እጅ መመለስ አፍሮ ጠጣ፤ ደገመችው፣ ደግሞም ጠጣ። ጸልየውለት ሄዱ።

ሰኞ ረፋዱን በሚሠራው ፎቅ ላይ ቆሞ ሳለ አንገቱ ወደ ግራ ሳብ አለው። ቀና ሊያደርገው ሞከረ፤ እምቢ አለ። መንጋጋው ተቆለፈ፣ ምላሱ ወደ ውጭ ገፋ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሰማዩ ላይ ቀረ። ጓደኞቹ ደግፈው አወረዱትና ቤቱ አመጡት። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ልክፍት ነው ይላል፣ ሌላው የሚጥል በሽታ ይላል። አጵሎስ ሁሉንም ይሰማል፣ መናገር ግን አይችልም። በልቡ «በቃ፣ መርዙ ሠራ» እያለ ነበር።

ኦቦ ቢቂላ ሰውን በከዘራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ባጃጅ አስቆሙና ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። እዚያ የአእምሮ ሕመምተኞችን የምታየው ሲስተር ኤቢሴ ናት፤ ጎልማሳ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። አንገቱን ዳሰሰች፣ ዓይኑን አየች፣ ከዚያም ቀና ብላ «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» አለች።

አጵሎስ በተቆለፈ ጥርሱ መሃል «ምን...ም» አለ።

ኤቢሴ ከሽማግሌው ጋር በኦሮምኛ ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጠችና ወደ ደስታነሽ ዞረች። «እህቴ፣ ይሄ ልክፍት አይደለም፤ የመድኃኒት ሥራ ነው። ንገሪኝ። እዚህ የሚቆጣሽ የለም።»

ደስታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «መድኃኒቱን በሕክምና ካርዱ እያወጣሁ... ፈጭቼ በሻይ እሰጠው ነበር። ከቤት መብላት ሲተው ያለፈውን ላካክስ ብዬ ትናንት አበዛሁት።»

ለካ እውነት ነበር። ሻዩ፣ ዝንቡ፣ ቆሪቻው፣ ሁሉም። አጵሎስ አንገቱ እንደተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ እንደተሰካ፣ የመጀመሪያ ስሜቱ ቁጣ አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ተጠራጥሮ አልተሳሳተም። ቁጣው የመጣው ቀጥሎ ነው።

መርፌ ወጉት። ብዙም ሳይቆይ መንጋጋው ላላ፣ አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። አጵሎስ ፊቱን አሻሸና መጀመሪያ የተናገረው ለሚስቱ ነው። «ከእንግዲህ ከእጅሽ ውሃ አልቀምስም።»

ኦቦ ቢቂላ «ልጄ...» ብለው ጀመሩ፤ «አንቱም ያውቁ ነበር» ሲላቸው አንገታቸውን ደፉ።

ኤቢሴ ሁለቱን ወደ ውጭ ላከቻቸውና ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «የተሠራብህ ልክ አይደለም» አለችው። «ለእሷም እነግራታለሁ። ሰው ሳያውቅ መድኃኒት አይሰጠውም፤ መጠኑንም በግምት አይጨምሩም። አሁን የምትጠይቀኝ ካለ ጠይቀኝ።»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ምንድነው የሚሠራው?»

«የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ አይነካኩም፤ በመሃላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። አንዱ ለሌላው የሚልከው መልእክት በዚያ ክፍተት ውስጥ በሚረጭ ንጥረ ነገር ነው የሚሻገረው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ዶፓሚን የሚባለው አንዱ ሥራው ለአንጎል ‹ይሄን ነገር ልብ በለው፣ አንተን ይመለከታል› ብሎ መንገር ነው። ባንተ ዓይነት ሕመም እሱ ቅጥ እንደሚያጣ እናስባለን። ያኔ ተራው ድምፅ ሁሉ ላንተ የተባለ ይመስልሃል።»

አጵሎስ የማሽኑን ጩኸት አሰበ፤ ግን አልነገራትም። «እሺ፣ ኪኒኑስ?»

«ማዶ ያለው ሕዋስ ላይ የዶፓሚን መቀበያ አለ። መድኃኒቱ እዚያ ላይ ይቀመጥና መልእክቱ እንዳይገባ ይከለክላል።»

«አንገቴንስ ማን ጠመዘዘው? ድሮ ስውጠውም እጄን አስሮት ነበር።»

«ያው ዶፓሚን በሌላኛው የአንጎል ክፍል የጡንቻን እንቅስቃሴ ያስተካክላል። መድኃኒቱ ይሄን ከዚያ ለይቶ አያውቅም። ሲበዛ ወይም ሰውነትህ ሳይቀበለው ሲቀር ጡንቻ ይኮማተራል። እጅህን ያሰረውም ይኸው ነው። ያኔ መጥተህ ብትነግረን ዓይነቱን እንቀይርልህ ነበር።»

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለሁሉም አንድ ኪኒን አይደል የምትሰጡት?»

«አይደለም። ድባቴ ለያዘው የምንሰጠው ዶፓሚንን አይነካም ማለት ይቻላል። ሴሮቶኒን የሚባለውን ነው የሚነካው፤ የረጨው ሕዋስ መልሶ እንዳይወስደው ያደርግና ክፍተቱ ውስጥ ያቆየዋል። ይሄ ቶሎ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ሳምንታት ካላለፉ ቀለል አይለውም። ለከባድ ጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበትን ንጥረ ነገር ያጠናክራል። እሱ ወዲያው ይሠራል፤ ግን ሱስ ስለሚሆን በቁጠባ ነው የምንሰጠው። ስሜቱ ከልክ በላይ ወጥቶ ከልክ በታች ለሚወርድ ሰው ደግሞ ሊቲየም አለ፤ የጨው ዘመድ ነው።»

«እሱስ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«እሱን እስከ መጨረሻው የሚያውቅ የለም። እንደሚጠቅም እናውቃለን፣ ደም እየለካን እንሰጣለን። እንዴት እንደሚጠቅም ገና ይጠናል።»

አጵሎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በደንብ አየ። ሊያታልል የተነሳ ሰው መልስ አያጣም። ይህቺ ግን አላውቅም አለችው። «የምትሰጪኝን በራሴ እጅ ነው የምወስደው» አላት። «ማንም እንዳያዝዘኝ፣ ማንም እንዳይነካብኝ።»

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው» አለች። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ በሌላ ዓይነት፣ በትንሽ መጠን አስጀመረችው።

ቤቱ ግን አልተመለሰም። ልብሱን በከረጢት ይዞ ቡራዩ፣ ወንድሙ ኤልቃና ዘንድ ሄደ። ደስታነሽን ይቅር ማለት አቃተው። እሷ ያን ሁሉ ጊዜ «ቅርንፉድ ነው፣ ዝንብ ነው» ስትለው በገዛ ምላሱ እንዲጠራጠር አድርጋዋለችና። ቡራዩም ሆኖ ጥርጣሬው አልተወውም። ኪኒኑን ከሁለት መድኃኒት ቤት ገዝቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ አስተያየው፤ ቀለሙን፣ ጽሑፉን፣ መሃሉ ላይ ያለውን መስመር። አንድ ዓይነት ሲሆንበት ዋጠ። እጁ አልተሳሰረም። ድምፁ እንደ ጎረቤት ወሬ እየራቀ ሄደ።

በጋው ሲጋመስ ደስታነሽ መጣች። ኤልቃና በሩን ከፍቶላት ወጣ። ቆማ ነው የተናገረችው።

«ታረቀኝ ልልህ አልመጣሁም። መኪና ይገጭሃል ብዬ ፈርቼ ነው ያደረግሁት። እግርህ ደምቶ ከተፍኪ ስትመጣ ያጠብኩህ እኔ ነኝ። ዋሸሁህ፤ አጠፋሁ። ይሄን ልነግርህ ነው።»

«ያኔ ለሐኪሞቹ ሄጄ ብነግራቸው ኖሮ መድኃኒቱን ይቀይሩልኝ ነበር» አለ አጵሎስ። «እኔም ዝም አልኩ፣ አንቺም ዝም አልሽ።»

በዚያው ቀን አልታረቁም። ስትመላለስ ከርማ ግን ከሰበታው ፋብሪካ ለቃ ቡራዩ አብረው ቤት ያዙ። ስምምነታቸው አጭር ነበር፤ ኪኒኑን እሱ ይይዛል፣ እሷ አትጠይቅም፤ እሱ ደግሞ የሚሰማውን አይደብቅም። የስምምነቱ ሁለተኛው ግማሽ ለአጵሎስ ከባድ ነበር። የጠረጠረውን ለሰው መናገር ከልጅነቱ ያልለመደው ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ የጎረቤቱ ሬዲዮ ዜና ያነባል። አጵሎስ በሩ ላይ ቆመ። ግምባሩን ላብ አጠመቀው። ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ የሰማውን ሊደብቅ አሰበ። እያየችው እንደሆነ ጠረጠረ፤ እውነትም እያየችው ነበር፤ ግን ቃሏን ጠብቃ አልጠየቀችም።

«ደስታነሽ» አላት።

«አቤት።»

«ዜና አንባቢው ስሜን የጠራ መሰለኝ።»

ደስታነሽ ተነሳች። «ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ እንሂድ?»

«ነገ አይደለም፤ አሁን» አለ አጵሎስ። ደስታነሽ ጃንጥላውን ከግድግዳው ላይ አወረደች፤ ዝናቡ ውስጥ ታክሲ ፍለጋ አብረው ወጡ።