ቀድሞ የማይናገር አፈ ጉባኤ

ቢቸና ውስጥ የቀበሌያችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኜ ሳገለግል ስብሰባ የምከፍተው መርቄ ነበር። መርቄም ዝም አልልም፤ የሚበጀውን ቀድሜ እናገራለሁ። ከዚያ አባላቱ ተራ በተራ እየተነሡ «አባታችን እንዳሉት ነው» ይላሉ። በግማሽ ሰዓት እንጨርሳለን። ይህ ስምምነት ይመስለኝ ነበር።

ሞጣ የምታስተምረው ልጄ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ያተመችውን የእንግሊዝኛ ወረቀት አመጣችልኝ። ሲክ የሚባል እምነት የሚከተሉ የአንድ ህንዳዊ ፖለቲከኛ ታሪክ ነው። ባለቤቴ በፎቶው ላይ ጥምጣሙንና ጢሙን አይታ፣ «እኒህ ደግሞ የየት ደብር ቄስ ናቸው?» አለች።

«ቄስ አይደሉም እማዬ፤ ሃይማኖታቸው ነው እንዲህ የሚያስጠመጥማቸው። የፓርላማ አፈ ጉባኤ ነበሩ።»

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ እንግሊዝኛን ያወቅሁት ከመዝገበ ቃላት ጋር ታግዬ ነው። ያንን ወረቀት ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰውየው የገበሬ ልጅ ናቸው። ከመንደር ምክር ቤት ጀመሩ፤ ለፓርላማ ተወዳድረው ተሸነፉ፤ ደግመው ተወዳድረው አሸነፉ፤ ሚኒስትር፣ በኋላም አፈ ጉባኤ ሆኑ። እስከዚህ ወደድኳቸው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ ግን የራሳቸውን ሐሳብ እንደማይናገሩ፣ የመናገሩን ዕድልም አስቀድመው ለሚቃወሟቸው እንደሚሰጡ ይላል። ተናደድኩና ለልጄ ደወልኩ።

«ታዲያ ምን ሊሠሩ ተቀመጡ?»

«አባዬ፣ የእርስዎ ሰዎች ይስማማሉ ወይስ ዝም ይላሉ?»

ስልኩን ዘጋሁባት።

በሚቀጥለው ስብሰባ የውሃው ጉዳይ ቀረበ። የሚተከለው አንድ ቦኖ ብቻ ነው፤ ወይ ላይ፣ በእኔ ቤትና በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ወይ ታች፣ ሙስሊም ነጋዴዎቹ ባሉበት ሰፈር። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ላይ እንዲሆን አጥብቄ ፈልጌ ነበር።

መረቅሁና ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

«አባታችን፣ ዛሬ አሞዎታል እንዴ?» አለ አንዱ። ሳቁ።

ዕድሉን ለታች ሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ ሰጠሁ። በአራት ዓመት ውስጥ «አባታችን እንዳሉት» ከማለት በቀር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «ወፍጮው ላይ ሰፈር ነው፤ ጤና ኬላውም ላይ ሰፈር ነው። ዳገት በመውጣት የሚጸደቅ ቢሆን እኛ እስካሁን ጸድቀን ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሌሎቹም፣ የላይ ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ፣ አንደበታቸው ተፈታ። እውነቱን ለመናገር፣ «ለሌላ ቀን ይደር» ልል ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። አንዲት ቃሌ ብቻ ትበቃ ነበር። ሽማግሌ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው የሚናገረው የእሱን ነው፤ ይህን ልጆቼም ይወቁት። እጅ ሲቆጠር ታች አሸነፈ፤ ፈረምኩ።

ቦኖው ሲከፈት ባለቤቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ጀሪካኑን ራሴ አንሥቼ ወረድኩ። ጨርቅ ነጋዴው ከሱቁ ደጃፍ አየኝ።

«አባታችን፣ ይቅደሙ እንጂ!»

«ተራዬን እጠብቃለሁ» አልኩትና ጀሪካኔን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጥኩ።