አራት ቀዳዳ፣ አምስት ቀዳዳ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ወልዲያ ጋራዥ ውስጥ ነው። አንዲት ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት በር፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለች የድሮ የስፖርት መኪና አለችኝ። ጎረቤት «ጋሼ፣ መኪናዎ ቁጭ ብላ ነው እንዴ የምትሄደው?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ባለቤቴ የምትጠላው ፍሬኗን ነበር። ቁልቁለት ላይ ሦስቴ ካልረገጡት አይዝም። «እሷ ምን ታድርግ፤ ፍሬን የሌለህ አንተ ነህ» ትለኛለች። ደስ ይበላት ብዬ ከአንድ የተጋጨ ፒክአፕ የፊቱን ሞዞ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ማለቴ ነው፣ ከነዲስክ ፍሬኑ ፈታሁና ቶርኖ ቤት በልኳ አስቆርጬ ገጠምኩላት። ሲረገጥ ቀጥ! ችግሩ፣ አዲሱ ሞዞ አምስት ቡሎን ነው፤ የኋላው አራት። የፊት ጎማ ለኋላ አይሆን፣ የኋላው ለፊት አይሆን። ሁለት ትርፍ ጎማ መያዝ ግድ ሆነ።

«የኋላውንም ቀይረውና በአንድ እንገላገል» አለችኝ።

«የኋላው ምን ሆነ? ይይዛል» ብዬ እምቢ አልኩ።

ጦርነቱ መጣ። በቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲቀርብ፣ ከባለቤቴ ጋር መርሳ እህቷ ቤት ልንወርድ ተነሣን። ጉልበቷ አይሄድላትም፤ ከዚያች መኪና ሌላ እግር የላትም። ሁለቱን ጎማ ስጭን የእናቷን ሞሰብ ታቅፋ ወጣች።

«ይሄ የት ይገባል?»

«አንዱን ጎማ አውርድ።»

«አላወርድም።»

«የእናቴ ነው እኮ!»

«አላወርድም አልኩ።»

ነዳጅ ይዤ ስመለስ ሞሰቡ የለም፤ የዕቃ መጫኛው ተዘግቷል። ጎረቤት ጠርታ ጎማዬን አስወርዳለች አልኩ በልቤ። ከፍቼ ለማየት ግን ጊዜ አልነበረም።

ሲሪንቃ ስንደርስ የፊት ጎማ ፈነዳ። ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያዘን እንጂ ገደል ነበርን። ሰው ልጁን አዝሎ፣ አህያውን ጭኖ ያልፋል።

«ባለአምስቱን አስወርደሽው ከሆነ እዚሁ ቀረን» አልኳት።

የዕቃ መጫኛውን ስከፍተው ሁለቱም ጎማዎች አሉ። የሌለው ሞሰቡ ነው።

«የት አደረግሽው?»

«አልጋ ሥር። ከግትር ሰው ጋር የምከራከርበት ጊዜ የለኝም። ይልቅ ቶሎ እሰር!»

አምስቱን ቡሎን ቀና ብዬ ሳላያት አሰርኩ።

መርሳም ሰላም አላገኘንም፤ እሱን ሌላ ይጻፈው፣ የእኔ ወሬ የሞዞ ነው። ወልዲያ ስንመለስ ቤቱ ተበርብሯል። አልጋውም ሞሰቡም የለም። እሷ መጥረጊያ አንሥታ ቤቱን መጥረግ ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ፒክአፕ ግን ጋራዡ ጥግ እንደቆመ ነበር፤ ማን ይፈልገዋል? የኋላ ሞዞውን ከነፍሬኑ ፈታሁ። ለአሮጌ ወገብ ቀላል ሥራ አይደለም። አሁን አራቱም ጎማ ባለአምስት ናቸው፤ አንድ ትርፍ ይበቃል።

ከዚያ በገበያ ቀን ሞሰብ ልገዛላት ግራና ከተማ ወሰድኳት። «የእናቴን አያክልም፣ ይሄም አያክልም» እያለች ገበያተኛውን ስታሰለች ዋለች። በመጨረሻ ቀይ የበዛበትን መረጠች። ስጭነው፣ ሁለተኛው ጎማ ይተኛበት የነበረው ቦታ ላይ ልክ ብሎ ተቀመጠ።

«አየህ» አለችኝ፣ «ቦታ ነበረው።»