ስሙ የማይጠየቅ ባለስለት

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ዋና ገንዘብ ያዡ ጋሽ ዓለሙ ባሕር ዳር ቅርንጫፋችን ሦስተኛው መስኮት ላይ አስቀመጡኝና የፊርማ ካርዶች የታጨቁበትን ሣጥን ገፋ አደረጉልኝ። «ፈገግታም እንባም አይተሽ እንዳትከፍይ። ካርዱን አውጪ፣ ፊርማውን አስተያዪ፣ ከዚያ ክፈይ» አሉኝ። በዚያው ቀን አንዱን ደንበኛ ሦስት ጊዜ ባስፈርመው «የእኔን እጅ ከእኔ በላይ ልታውቂ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። አለቀስሁ፤ ግን አስፈረምሁት።

ካርዱ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲገባ እኔን ብሎ ጎበዝ። አንድ ጠዋት በሥራ አስኪያጁ ስም ኢሜይል መጣልኝ፤ መግቢያሽ ዛሬ ይዘጋል፣ እዚህ ተጭነሽ የይለፍ ቃልሽን አድሺ ይላል። ወረፋው በር ደርሷል። ተጫንሁ፣ ጻፍሁ። ወዲያው ጠረጠርሁና ለጋሽ ዓለሙ ነገርኋቸው። በስልክ መግቢያዬን አዘጉልኝ።

«ሥራ አስኪያጁ እኮ ከጀርባሽ ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ተነሥተሽ ብትጠይቂ እግርሽ ይሰበር ነበር?» አሉኝ። ቀጠሉና «ስላልደበቅሽ ግን ተርፈናል» አሉ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የኔታ ይባቤ መጡ። ደሴት ላይ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ምእመናኑ ለቆርቆሮ ያዋጡት ገንዘብ፣ ኮሚቴው ማኅተም እስኪያወጣ በእሳቸው ስም ተቀምጧል። ስልካቸውን በጆሯቸው እንደያዙ ወረፋውን አልፈው መስኮቴ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ መነጽሬን ማዶ ረስቼው መጣሁ። እዚህ ላይ የመጣውን ቁጥር አንብቢልኝ፤ ሰውየው እየጠበቀ ነው።»

«ሰውየው ማን ነው፣ የኔታ?»

«ባለስለት ነዋ! ከሩቅ አገር ነው። ቁጥሩን ስነግረው ስለቱ ይገባል አለኝ።»

«ስሙስ ማን ይባላል?»

ፊታቸው ተለወጠ። «ባለስለት ስሙ ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደለም ወይ!»

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የሚሳለው ለፈጣሪው ነው፤ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ማን ነህ ተብሎ አያውቅም። ሌባው ይህን ያውቃል። ስልኩን ወደ እኔ ሲያዞሩልኝ መልእክቱን አየሁት፤ ከሂሳባቸው ገንዘብ ለማስወጣት የሚያገለግል የማረጋገጫ ቁጥር ነው።

«አላነብም፣ የኔታ» አልሁ።

«ስለት አስቀርተሽ ጦሱን ትችይዋለሽ?»

እውነት ለመናገር ፈራሁ። እኔም ቤተ ክርስቲያን የምስም ሰው ነኝ። ግን ስልኩን ተቀብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁትና «ወንድሜ፣ ስምህን አልጠይቅህም። ስለትህን የፈለግኸው ባንክ ሄደህ ሂሳቡ ውስጥ አስገባ» አልሁት።

«ስለቱ በአምስት ደቂቃ ይሰረዛል! ቁጥሩን አንብቢ!»

«አላነብም።»

ስድቡን አወረደው። እናቴን እንኳ አልማረልኝም። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱና ራሳቸው ዘጉት።

«ባለስለት አይሳደብም» አሉ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ቆርቆሮው?»

ሂሳቡን ከፍቼ አየሁ። «አልተነካም፣ የኔታ። እግዚአብሔር ይመስገን።» የምሥጢር ቁጥራቸውን እዚያው ቀየርንላቸው፤ ሰውየው የደወለበትን ቁጥርም ለሚመለከተው አስተላለፍን። ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ስህተታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ አሉ። ለደቀ መዝሙሮቻቸው ሳይቀር ነገሩን አስረድተዋል። እንደ እሳቸው ያለ የተከበረ ሰው «ልታለል ነበር» ሲል ሌላውም አፉን ፈታ፤ ሁለት ሴቶች እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎልን ነበር ብለው እኔ ዘንድ መጡ።

ጡረታ በወጣሁ ክረምት በጀልባ ተሻግሬ ሄድሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። የኔታ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር።

ለማረጋገጫ ተብሎ ስልክ ላይ የሚመጣ ቁጥር ለማንም አይነገርም። ባንክ ነኝ ላለም፣ ስለት አለብኝ ላለም።