የጦጣዋ ዋስ

እናቴ ጤፍ የምትጨልፍበት ግማሽ ቅል ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። በሰም ስለደፈነቻቸው ለማያውቅ ሰው አይታዩም። እኔ ግን ቅሉን ባነሣሁ ቁጥር ጣቴ ሳላዘው እዚያው ይሄዳል። በልጅነቴ እነዚያ ቀዳዳዎች የጦጣ ዓይኖች ነበሩ።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። አባቴ መቱ ውስጥ የኬላ ጸሐፊ ነበር። ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ ከክረምት በኋላ የጎረቤቱ ሁሉ ቡና የሚሰጣው እኛ ዘንድ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው የሚወጣው ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ልብሳችን ላይ ሳይቀር ያድር ነበር። ተሰማ አባቴን የለመነው ያንን ግቢ ነው።

ተሰማ ጎሬ ከተማ ጥቂት ተምሮ የተመለሰ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነበር። እዚያ ትያትር ሲሠራ አይቷል። ያየው ግን ወንበር ላይ ለተደረደሩ ሹማምንት ብቻ ሲታይ ነው።

"እኔ የምፈልገው ሰው ከነሚስቱ ከነልጁ ተቀምጦ የሚያየውን ነው፣ ጋሼ" አለው አባቴን።

"ሴቶቹም?"

"እትዬም ጭምር።"

እናቴ ጓዳ ሆና ሳቀች። አባቴ የእርሷን ሳቅ ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ። "እንግዲህ ግቢው ያንተ ነው" አለ። "የሚናገርህ ቢኖር እኔ አለሁ።"

ተሰማ የሰፈሩን ልጆች ንብ አደረገን። ታሪኩ ከሁሩሙ መንደር ልጆች የሰማው ነው፤ ከቀፎ ማር ሰርቃ ስለምትበላ ጦጣ። ለጦጣዋ ጭምብል ቅል ገምሶ ዓይን አወጣለት፤ የፍየል ፀጉርም በሰም ለጠፈበት። እኔ ሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ እንኳ የማለቅስ ልጅ ነበርኩ። ከሌሎቹ ጋር ተደባልቄ "ዝዝዝ" ስል ግን የኔ ድምፅ የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። በሰው ፊት ሳላፍር ድምፅ ያወጣሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት አላስታውስም።

ትያትሩ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናው ተጠርጎ ወደ ጥግ ተከመረ። ሰዉ መጀመሪያ ወንድ ለብቻ፣ ሴት ለብቻ ቆሞ ተያየ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ መጥታ አባቴ ጎን ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ሌሎቹም ተከተሏት። ውሏቸው ሁሉ ችሎት ላይ የነበረው ሽማግሌው ጎረቤታችን ባላምባራስ ደስታም በርጩማቸውን አስይዘው መጡ።

ተሰማ ጭምብሉን አጥልቆ ብቅ ሲል ልጆቹ "ቀመሌ! ቀመሌ!" እያሉ ጮኹ፤ በኦሮምኛ ጦጣ ማለት ነው። ጦጣዋ ቀፎውን ዘረፈች፤ እኛ ንቦቹም ዝዝዝ እያልን ከበብናት። ዳኛ ሆኖ የቀረበው አንበሳ "ማሩን በልተሻል?" ብሎ ጠየቃት። ጦጣዋ ከአገጯ ማር እየተንጠባጠበ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና "አልበላሁም፣ ጃንሆይ ይሙት!" አለች።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እናቴም ነጠላዋ ከፊቷ ወርዶ አላወቀችውም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባላምባራስ ከበርጩማቸው ተነሡ። "ያዙልኝ! በንጉሡ ስም በሐሰት ማለ!"

ሄደው የተሰማን ነጠላ ጫፍ ከራሳቸው ነጠላ ጋር ቋጠሩ። ያኔ ከሳሽ ተከሳሹን ወደ ዳኛ የሚወስደው እንዲህ አቆራኝቶ ነው። እኛ ልጆቹ ይኼም የትያትሩ ክፍል መስሎን ይበልጥ ሳቅን።

"ጌታዬ፣ እኔ መች ማልኩ? ጦጣዋ እኮ ናት የማለችው።"

"ታዲያ ጦጣዋን ልክሰስ? ከማን አፍ ነው የወጣ?"

"ከ... ከኔ።"

"ማሩንስ ማን በላው?"

ተሰማ ጭምብሉን አወለቀ። ከስሩ ያለው ፊት በማርና በላብ ርሷል። የሚስቅ ፊት አልነበረም።

"ዋስ አለህ?" አሉት ባላምባራስ። "ዋስ ካለህ ለነገ ቀጠሮ እለቅሃለሁ። ከሌለህ አሁኑኑ ወደ ዳኛ እንሂድ።"

ተሰማ ወደ አባቴ ዞረ። ዓይን ዓይኑን አየው። እናቴ በክርኗ አባቴን ነካ አደረገችው። የመንግሥት እንጀራ የሚበላ ሰው በጃንሆይ ስም በተነሣ ክስ ዋስ ሲሆን ምን እንደሚመጣበት ዛሬ እረዳለሁ። አባቴ ከምንጣፉ ላይ የቡና ገለባ አንሥቶ በጣቶቹ መሃል ያሸው ጀመር። እስኪደቅ አሸው። አባቴ ቀና ሳይል ተሰማና ባላምባራስ እንደተቆራኙ ከበሩ ወጡ፤ ጭምብሉ ምንጣፉ ላይ ቀረ።

ተሰማ እስከ ጥምቀት ታሰረ። ሁለተኛ እንዳይጫወት ተነግሮት ሲፈታ ወደ አጎቶቹ ወደ ያዮ ሄደ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዛሬ ሁሩሙ ገበያ ማር ይሸጣል። አንድ ቀን ደፍሬ ስለ ትያትሩ ባነሣለት "የምን ትያትር?" አለኝና ማሩን መጭለፉን ቀጠለ።

እኔ አዲስ አበባ ኮሌጅ ተምሬ ተመለስኩና መቱ አስተማሪ ሆንኩ። ባለፈው ሰሞን ሁለት ተማሪዎቼ፣ ከበደና ጫልቱ፣ ወላጆች ከሕፃናት ጋር የሚያዩት ትያትር አዘጋጅተው ቦታ አጡ። ከክፍሌ ውጭ ዛሬም ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ቢሆንም አባቴ ፊት ቆሜ ግቢውን ለመንኩላቸው።

አባቴ አርጅቷል። ምርኩዙን በመዳፉ አሻሸ።

"ዋሳቸው ማነው?" አለኝ።

"እኔ።"

"አንቺንስ ማን ይዋስሻል?"

ያኔ ቢያንስ ለተሰማ "እኔ አለሁ" ብሎ ነበር። የዛሬው አባቴ ቃሉን የት ድረስ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ቃል አይሰጥም። ልጆቹን ነገ ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጤፍ የተሞላውን ቅል አንሥቼ ከአንዱ ዓይን ሰሙን በጥፍሬ ፈነቀልኩት። ጤፉ ቀጭን ክር ሆኖ ወረደ።

"ኧረ ልጄ፣ ምን ሆነሻል? እህሉ ፈሰሰ እኮ!" አለች እናቴ።

ሰሙን እንደ አባቴ ገለባ በጣቶቼ መሃል አሽቼ አለሰለስኩትና ዓይኑን መልሼ ደፈንኩት።