ቫምፓየር የምትጠብቀው ነርስ

ደም ባንክ ውስጥ ደም የምትቀዳልን ነርስ የደም ሥር ስታ አታውቅም። የደረት ኪሷ ላይ ትንሽ የብረት የሌሊት ወፍ ሰክታለች። ስለ ወፏ ብጠይቃት ፊቷ በራ። ለካ ደም መጣጭ ቫምፓየሮች ያሉበት የአንድ ኮምፒውተር ጌም አፍቃሪ ኖራለች!

"የጌሙ ሁለተኛ ክፍል ሊወጣ ነው ባሉ ቁጥር የዓመት ፈቃድ ፎርም እሞላለሁ፤ የሚወጣበት ቀን ሲገፋ እቀደዋለሁ። አለቃዬ ፎርሙን ሲያይ፣ 'ደግሞ ጀመረሽ?' ይለኛል።"

"የመጀመሪያው ክፍል እንዴት አለቀ?" አልኳት።

"መች አለቀና! ከልጄ ጋር በየተራ ነበር የምንጫወተው፤ የመጨረሻዋን በር የመክፈት ተራው የእሱ ነው። ሥራ ራቅ አድርጎ ወሰደው እንጂ፣ 'ሁለተኛው የወጣ ቀን መጥቼ እከፍታታለሁ፤ እንዳትነኪያት!' ብሎኛል።"

መርፌውን ነቅላ ክንዴ ላይ ጥጥ ጫን አደረገች።

"የዘንድሮው አይገፋም አሉ" አለች እየሳቀች። "እኔም አልጋውን ከወዲሁ አንጥፌለታለሁ።"